ውጤት የለም ማለት አይደለም

ማክሰኞ ጠዋት ውሃ መጥቶ ነበር። በእኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በርሜሉን ሞልቼ ወደ ጀሪካኖቹ ዞሬአለሁ። የግቢው በር ሲንኳኳ ሄጄ ከፈትኩ። የእድራችን ሰብሳቢና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከኋላቸው የልጄ የሥራ ባልደረባ ወንድዬ አለ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። በዚያ ሰዓት አራት ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አይጠይቅም። «ግቡ» አልኳቸው። ተመልሼ ቧንቧውን ዘጋሁና ባለቤቴን ተናኘን ልቀሰቅሳት ገባሁ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ከልጃችን ቢሮ ተደውሎልን ነበር። «ሆሳዕናን ትንሽ ራሷን አሟት ሐኪም ቤት ወስደናታል፤ እየታከመች ነው፤ ጠዋት መጥታችሁ ታዩአታላችሁ» አሉን። ስልኩ ሲደወል ልጄ ካረፈች ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ያልነገሩን በክፋት አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ሳይኖር፣ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር አይስሙ ብለው ነው። እኔም በዘመኔ ለስንት ሰው «ትንሽ አሞት ነው» ብዬ ደውያለሁ።

ሆሳዕና ግን ይህን ልማድ አንድም ቀን አልተቀበለችውም። ስለ እሷ ልጽፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ሥራዋ ሰው የሚያየው ዓይነት አልነበረም፤ እኔም ራሴ የገባኝ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ነው።

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ታናሽ ወንድሟ በተወለደ በሳምንቱ የተናኘ ታላቅ ወንድም አዳማ ላይ ሞተ። አራስ መርዶ አትረዳም ተባለና ሁላችንም ተስማማን። ቀብር ሄጄ ስመለስ ጥቁሩን ልብስ ጎረቤት ቤት አውልቄ ገባሁ። ጠያቂው በር ላይ እንባውን እየጠረገ፣ ውስጥ ሲገባ እየሳቀ አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሆሳዕና እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እማዬ፣ አጎቴ ሞቷል። ሁሉም ሰው ያውቃል። አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው» አለቻት።

ዘመድ እኔን ተቆጣ፤ እኔ ልጅቷን ተቆጣሁ። ተናኘ ከዓመታት በኋላ ነው «የወንድሜ ሞት ሞት ነው። ከልቤ ያልወጣው ግን እናንተ እያወቃችሁ እኔ አራት ቀን መሳቄ ነው። ልጅቷ ባትነግረኝ ከአራስ ቤት እስክወጣ ልታስቁኝ ነበር» ያለችኝ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ሠርቻለሁ። ሆሳዕና ያደገችው እርማት በተዘረጋበት ጠረጴዛ ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ ስላልነበራት መዘምራን ውስጥ አልገባችም፤ የድምፅ መሣሪያው ላይ ተቀመጠች። ማይክሮፎን ሲጮህ ሰው ሁሉ ዘማሪውን ያያል፤ እሷ ገመዱን ታያለች። ኮምፒውተር ተማረች፣ ተመረቀች፣ ከዚያም ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ሰው በሚሠራበት ቢሮ ተቀጠረች። ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ምሳዋን ቋጥራ በእግሯ ትሄዳለች፣ በእግሯ ትመለሳለች።

ቢሮው ለግል ክሊኒኮች ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ ፕሮግራም ነበረው። ክሊኒኮቹ የበሽተኛውን ደም ወደ አንድ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ላቦራቶሪው ውጤቱን ያስገባል፤ ክሊኒኩ ያለችው ነርስ ታብሌቷን ከፍታ ታነባለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ዙሀራ የምትባል ሳንሱሲ የምትኖር ሴት የስድስት ወር እርጉዝ ሆና አስኮ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ደም ሰጠች። ላቦራቶሪው ደሟ በጣም ማነሱን አይቶ ውጤቱን አስገባ። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ማራኪ ታብሌቱን በከፈተችበት ሰዓት ግን ፕሮግራሙ ውጤቶቹ ከተቀመጡበት ቦታ ጋር መገናኘት አቅቶት ነበር። ይህን አልተናገረም። ጥርት ያለ ነጭ ገጽ አወጣና «ውጤት የለም» አለ። ሲስተር ማራኪ ደግሞ እንደለመደችው «የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት ነው» ብላ ዙሀራን ሸኘቻት። ከወር በኋላ ዙሀራ ከታክሲ ስትወርድ ፌርማታው ላይ ወደቀች። ደም ተሰጥቷት ተረፈች፤ ልጅቷ ግን ያለ ቀኗ ተወለደችና ብዙ ሳምንት በማሞቂያ ቆየች።

አቤቱታው ቢሮ ሲደርስ ሆሳዕና ወረቀቱን አንብባ አልተወችውም። ብርቱካን ገዝታ ሳንሱሲ ሄደች። ዙሀራ አልጮኸችባትም። «እህቴ፣ ማሽኑ ‘ዛሬ አልቻልኩም’ ቢላት እኮ ሲስተሯ ስልክ ደውላ ትጠይቅልኝ ነበር። አላውቅም ማለት ለማሽንም ነውር ነው?» ነው ያለቻት።

ያን ዕለት ራት ላይ ሆሳዕና ምግቡን እየቆነጠረች «ቃል ገብቼ መጣሁ» አለችን። «ሁለተኛ በማንም ላይ እንዲህ እንደማይደርስ።»

«እንዴት አድርገሽ?» አለቻት ተናኘ።

«እሱን አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞተችበት ሰኞ ድረስ የሠራችው ያንን ቃል ነው።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ በጃቫ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሥራ ሲበላሽ ስህተቱ «ይወረወራል» ይላሉ። ያንን ሥራ ያዘዘው ክፍል ይቀልበዋል፤ ካልቀለበው እሱን ወዳዘዘው ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። የእነሱ ችግር ስህተት መኖሩ አልነበረም። ፕሮግራሙን የጻፉት ልጆች ስህተቱን በየደረጃው እየቀለቡ አፉን ይይዙት ነበር። አንዱ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፣ አንዱ «ተመዝግቧል» ይላል፣ ሌላው ጭራሽ ምንም አይልም። ተንኮል አይደለም። ሰው አይደንግጥ ብለው ነው። እሷም ስትነግረኝ «አባዬ፣ ሁላችንም ያደግንበትን ነው የጻፍነው» አለችኝ።

ቆጠረቻቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ላይ ስህተት ተቀልቦ ተደብቋል። «ሠላሳ ዘጠኙ የራሴ ናቸው» አለች።

መፍትሔውን ስትነግረኝ አዲስ አልሆነብኝም። ማተሚያ ቤታችን ውስጥ ፊደል ለቃሚው ያየውን ስህተት በራሱ እጅ እንዲያስተካክል አይፈቀድለትም ነበር፤ አንዱ ሊያስተካክል ብሎ አንድ አንቀጽ ሙሉ የጣለበት ጊዜ አለ። ስህተት ያገኘ ሁሉ ወደ እርማት ጠረጴዛ ያመጣል። እዚያ ይታያል፣ ይመዘገባል፣ መልስ ይሰጠዋል። ሆሳዕና «ያንን ጠረጴዛ ነው የምሠራው» አለች። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን መደበቂያ አንድ በአንድ አንስታ፣ ስህተቱ ሁሉ ሳይነካ ወደ ላይ እንዲወጣና ከላይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲቀለብ ማድረግ ነው። ያ አንድ ቦታ የስህተቱን ዓይነት ለይቶ ለነርሷ ተገቢውን መልስ ይሰጣል።

ቀጥሎ የምጽፈውን የነገረኝ ወንድዬ ነው፤ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ።

የቢሮው ባለቤት አቶ የኔሰው ሠራተኛውን ሰብስቦ «ይቺን ‘ውጤት የለም’ የምትለውን የጻፋት ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ኮምፒውተሩ ያስቀምጣል። የጻፋት ወንድዬ ነበር። ሆሳዕና ታውቃለች።

«ያሳለፍኳት እኔ ነኝ» አለች።

ውሸት አይደለም። አንዱ የጻፈው ሌላ ሰው ሳያየው አይገባም፤ አይታ ይለፍ ያለችው እሷ ናት። አቶ የኔሰው ከዚያ በላይ አልጠየቀም። «ጋሽ ዳኛቸው፣» አለኝ ወንድዬ፣ «እኔ አፌን ከፍቼ ‘እኔ ነኝ’ ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስነግራት ‘አውቃለሁ፤ ና ቁጭ በል፣ አብረን እናውጣቸው’ አለችኝ። ሌላ ቃል የለም።»

አቶ የኔሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነጋዴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ሁለት ክሊኒኮች ሊገቡለት ነበር።

«ሆሲ፣ ደንበኛ ፊት ቆሽሸን እንታይ ነው የምትይኝ?» አላት።

«ቆሽሸናል እኮ አቶ የኔሰው። ሽቶ ነው የረጨንበት።»

«ስህተት በስህተት የሆነ ገጽ ካዩ ማን ይቀበለናል?»

«ሳያዩ ከተቀበሉን ይብሳል። የሚቀጥለውን ሰው ሊጠይቁ ሳንሱሲ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።»

«ስድስት ሳምንት እሰጥሻለሁ» አለ። «ስልኩ ሲጮህ ግን አንቺ ነሽ የምታነሺው።»

እሷ ቀልድ አላደረገችውም። ስህተት ሲፈጠር በሚወጣው ገጽ ላይ የራሷን የእጅ ስልክ ቁጥር አስገባች።

ወደ እኔ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ራት ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋችና «አባዬ፣ አራሚ እፈልጋለሁ» አለች።

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«አራሚ ጡረታ ይወጣል እንዴ? ትናንት የእማዬን መድኃኒት ካርቶን በቀይ እስክሪብቶ ስታርም አይቼሃለሁ።»

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ያልተጠበቀ ስህተት ተከስቷል። እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል።

«ያልጠበቀው ማነው?» አልኳት።

«እኛ ነና።»

«ታዲያ ሲስተሯን ምን አገባት? ‘ቆይተው’ ማለትስ? ሻይ ጠጥተው ነው ወይስ ፋሲካን ውለው?»

«አንተን ማተሚያ ቤት እንዴት ቻሉህ?»

«አልቻሉኝም። ለዚህ ነው ጥግ ላይ ያስቀመጡኝ።»

ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ተስማማን፤ እያንዳንዱ መልስ ነርሷ ቆማ የምትጠይቀውን መመለስ አለበት። ምን ሆነ? በሽተኛዬን ምን ላድርጋት? ለማን ልንገር? የውስጡ ዝርዝር፣ የትኛው ፋይል ስንተኛው መስመር ላይ ተሰበረ የሚለው፣ ወደ መዝገብ ይገባል፤ ገጹ ላይ የጉዳይ ቁጥር ብቻ ይወጣል።

«አንቺ መደበቅ አትወጂም፤ ዝርዝሩን ለምን አታሳዪያትም?» ብዬ ነካካኋት።

«መደበቅና ለሚመለከተው መስጠት ለየቅል ነው አባዬ። የእኛ ሆድ ዕቃ ለሲስተር ማራኪ ምንም አይሠራላትም። ሊዘርፈን ለሚፈልግ ግን ካርታ ነው። እሷ ቁጥሩን ትነግረኛለች፣ እኔ ሙሉውን አነባለሁ።»

ለዙሀራ ዓይነቱ ጉዳይ የጻፍነው ይህ ነው፦ «የታካሚዋን ውጤት አሁን ማግኘት አልቻልንም። ይህ ማለት ውጤት የለም ማለት አይደለም። ታካሚዋን ከመሸኘትዎ በፊት በዚህ ስልክ ይደውሉና የጉዳዩን ቁጥር ይንገሩን።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ድግግሞሽ መሰለኝና በቀይ ሰረዝኩት። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው። «እሷን አትንካት። ዙሀራ የተጎዳችው እሷ ስላልነበረች ነው።» በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው እርማቴን ሲመልስብኝና ልክ ሆኖ ሳገኘው ያ ሦስተኛዬ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አዲሱ አሠራር አስኮ ባለው ክሊኒክ ተጀመረ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ስልኳ ጮኸ። ሲስተር ማራኪ ናት፤ ድምፅዋ እስከ እኔ ወንበር ይሰማል።

«እናንተ ሰዎች፣ ታሾፋላችሁ? አረንጓዴ ምልክት ያደርግልኛል፣ ከሥሩ ደግሞ ‘አልቻልንም’ ይለኛል! የትኛውን ልመን?»

«ሲስተር፣ አረንጓዴውን አትመኚው።»

«እኔማ እናንተንም አላምን! አሁን ይቺን ሴት ልሸኝ ወይስ ላቆይ?»

«አቆዪያት። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ስህተቱ የሆሳዕና ነበር። ከፕሮግራሙ የሚሄድ መልስ ሁሉ እንደ ደብዳቤ ነው አለችኝ፤ ውስጡን ሰው ያነባል፣ ፖስታው ላይ ያለውን ቁጥር ግን ታብሌቱ ያነባል። እሷ ደብዳቤውን ስታስተካክል ፖስታው ላይ «ሁሉም ደህና» የሚለውን ቁጥር እንደነበረ ትታዋለች፤ ታብሌቱ አረንጓዴ ያሳየው ለዚህ ነው። እዚያው ቁርስ ጠረጴዛ ላይ አስተካከለችው። ቢሮ ስትደርስ ነጩ ሰሌዳ ላይ «ፖስታውን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ሆሳዕና» ብላ ጻፈችና ሳምንቱን ሙሉ እንዳይጠፋ አደረገች። ወንድዬ እንደሚለው ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ያጠፉትን እዚያ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ ከባዱ መጣ። ስህተት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ መውጣት ሲጀምር በቀን ሦስት መቶ አርባ ተቆጠረ። ከዚያ በፊት ቁጥሩ ዜሮ ነበር፤ ዜሮ የነበረው ስህተት ስላልነበረ አይደለም። አቶ የኔሰው ይህን አልሰማ አለ። «ፕሮግራሙን አበላሸሽው» ይላታል በየቀኑ። እሷ ስልክ ታነሳለች፤ በምሳ ሰዓት፣ መንገድ ላይ፣ እሁድ ከአምልኮ ወጥታ በረንዳ ላይ ቆማ። አንድ ቀን ተናኘ «ልጄ፣ አልበዛም?» አለቻት። «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ድሮም ይደርስባቸው ነበር። አሁን ነው የሚደውሉት» አለቻት።

በአራተኛው ሳምንት ሲስተር ማራኪ ደወለች። በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷታል።

«ሆሳዕና፣ አንድ አባት አሉ እዚህ። ጳጉሜ ሦስት ነው የተወለድኩት ይላሉ። ማሽናችሁ ‘አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም፣ ታካሚው አልተመዘገበም’ ይለኛል። እሳቸው ደግሞ ‘እናቴ ዋሽታኝ ነው ወይ?’ ይሉኛል።»

ሆሳዕና ስልኩን እንደያዘች ኮምፒውተሩን ከፍታ መፈለግ መጀመሯን ወንድዬ ያስታውሳል። ፕሮግራሙ የልደት ቀን ሲገባለት በውስጡ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለውጠዋል። ለዋጩን የጻፈው ሰው ወሩን እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነበር የፈቀደው። መደበቂያዎቹ ሳይነሱ በፊት ጳጉሜ ሲገባ ስህተት ይወረወር፣ ሥሩ ያለው ቀላቢ ይውጠው፣ ገጹ ላይ «ተመዝግቧል» ይወጣ ነበር። ኢትዮጵያውያን ቁጭ ብለው ለኢትዮጵያውያን የጻፉት ፕሮግራም ጳጉሜ የተወለደ ሰው አያውቅም ነበር። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ጳጉሜ የተወለዱት ሰዎች ደማቸው ተወስዷል፤ ውጤታቸው ግን የሚገባበት ስም የለም። ጠብቀው ጠብቀው «ጠፋ» ተብለው የሄዱ ናቸው።

የክሊኒኮቹን የወረቀት መዝገብ አስመጥታ ከወንድዬ ጋር ማመሳከር ያዙ። ስድሳ አንድ ሰው አገኙ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሁለቱ ተካፍለው ደወሉ። «ከክሊኒኩ ነው የምንደውለው» አላለችም። «ፕሮግራሙን የሠራነው እኛ ነን፤ ስምዎን አላስቀመጥነውም፤ እባክዎ ተመልሰው ይመርመሩ» ነው የምትለው። የሰደቧት ነበሩ። «ሦስት ዓመት ቆይተሽ?» ያሏት ነበሩ። የሁለቱን ስልክ ያነሳው ሌላ ሰው ነበር፤ እነሱ አልፈዋል። በምን እንዳለፉ አልታወቀም፤ እሷም ለማወቅ ሞክራ አልቻለችም። ያንን በሰማችባቸው ሁለት ቀናት ራት አልበላችም፤ እኔም ብይ አላልኳትም። አርባ አራቱ ተመልሰው ተመረመሩ። ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ ወዲያው ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ነበሩ።

አቶ የኔሰው የስድሳ አንዱን ስም ዝርዝር በእጁ ይዞ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። አማቱ ጳጉሜ የተወለዱ ናቸው፤ ስማቸው ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ነው የሚታከሙት። ያም ሆኖ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ስድስት ሳምንት ያልኩሽን ተይው» አላት። «እስክትጨርሺ።»

የዕለቱ ቁጥር ከሦስት መቶ አርባ ወደ ሁለት መቶ፣ ከዚያ ወደ ዘጠና ወረደ። ከመሞቷ በፊት ባለው ሳምንት በቀን አሥራ አንድ ደርሶ ነበር። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ መደበቂያዎች አንድም አልቀረም። ፕሮግራሙ ከሃያ ሁለቱ ክሊኒኮች አሥራ ዘጠኙ ጋ ገብቷል። ሲስተር ማራኪ አዲስ የሚገቡትን ነርሶች እሷ ናት የምታሠለጥነው፤ «ቀይ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ደውሉ። ባዶ ካያችሁ ደንግጡ» ትላቸዋለች አሉ።

ለቅሶ ላይ ብዙ የማላውቀው ሰው መጣ። ዙሀራ ልጇን አዝላ ሦስቱንም ቀን ተመላለሰች፤ ከተናኘ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትራመዳለች፣ የሰው ጫማ እየለቀመች ታስቀምጣለች። ዙሀራ ለባለቤቴ ስለ ልጄ ብዙ አላወራቻትም። «ያለችኝን አደረገች» ብቻ ነው ያለቻት።

የሆሳዕና ስልክ እኛ ጋ ነበር። ቁጥሩ እስኪቀየር አሥራ ሁለት ቀን ያህል ክሊኒኮች ይደውሉ ነበር፤ ተናኘ እያነሳች የጉዳዩን ቁጥር ወረቀት ላይ ትጽፍና ለወንድዬ ታስተላልፍ ነበር። አንዲት ነርስ «ሆሳዕናስ የለችም?» ብላ ስትጠይቅ ተናኘ «ልጄ አርፋለች። ቁጥርሽን ንገሪኝ» ስትላት ሰማሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «ትንሽ ወጣ ብላ ነው» ይል ነበር።

ስለ ልጄ ሥራ ሰው ሲጠይቀኝ ጨርሳ ነው የሄደችው እንዳልል እጠነቀቃለሁ፤ አልጨረሰችም። ከላይ ያለው አንዱ ቦታ የሚቀልበው፣ ሰው ገጽ ከፍቶ ሲጠይቅ የሚፈጠረውን ስህተት ብቻ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ማንም ሳያዘው በራሱ እየተነሳ ከላቦራቶሪው አዲስ ውጤት የሚያመጣ ሌላ ሥራ አለ። እሱ ሲሰበር ስህተቱ ወደዚያ ቦታ አይወጣም፤ ከነርሶቹ ማንም አያውቅም፣ ገጹም የሚያሳየው የድሮውን ነው። ሆሳዕና ይህን ታውቅ ነበር። ሰኞ ጠዋት ለወንድዬ የሰጠችው የሳምንቱ ሥራ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ ያለው እሱ ነው። ወንድዬ ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቁሟል፤ በዚህ ወር እጨርሰዋለሁ ብሎኛል። ለየስህተቱ ዓይነት ከታቀዱት ሠላሳ አንድ የአማርኛ መልሶች ደግሞ አምስቱ አልተጻፉም። ምን ለማለት እንደሆኑ ወንድዬ ቅዳሜ መጥቶ ሊያስረዳኝ ነው። ከሃያ ሁለቱ ሦስቱ ክሊኒኮች አልገቡም። እስከዛሬ ድረስ ያለው ይህ ነው።